ሐይቅ ዳር ስናጸዳ የበሰበሰውን ቅጠልም እናውጣው ወይስ እንተወው?

ፊላ_ዳር፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ሐዋሳ ያላችሁ በተለይ ባዮሎጂ የተማራችሁ እርዱኝ። ከሰፈር ልጆች ጋር ሐይቁ ዳርና ወደ ሐይቁ በሚገባው ጥቁር ውሃ ወንዝ በኩል ቆሻሻ እየለቀምን ነው፣ ፕላስቲኩ ላይ ማንም አይከራከርም፣ ቅጠሉ ላይ ነው ያልተስማማነው። ግማሹ የበሰበሰ ቅጠል በሙሉ ይውጣ የሚሸተው እሱ ነው ይላል፣ አንዷ ልጅ ደግሞ ተዉት ፈንገስ ይሠራበታል ለዓሣውም ይጠቅማል አለች። ፈንገስ ውሃ ውስጥም አለ እንዴ? ካለስ ምን ይሠራል?

ታቦር_ስር፦
አለ፣ ያውም በብዛት፣ ልጅቷ ልክ ናት። ቅጠል ወራጅ ውሃ ውስጥ ሲወድቅ መጀመሪያ ቶሎ የሚሟሟው ነገር ታጥቦ ይሄዳል፣ ከዛ የፈንገስ ስፖር፣ ማለት እንደ ዘር የሚበተነው ጥቃቅን ነገር፣ ይለጠፍበታል። የብዙዎቹ ስፖር ክብ አይደለም፣ አራት ክንድ አለው ወይም ቀጭንና ረጅም ነው፣ ለዛ ነው ውሃው እየገፋውም ቅጠሉን የሚይዘው። የፈንገስ ተመራማሪው ኢንጎልድ በ1942 እ.ኤ.አ. ስለነሱ ከጻፈ በኋላ ነው በደንብ መጠናት የጀመሩት። ወንዶ ገነት የሚሄድ ሰው ካለ ጅረት ላይ የሚጠራቀመውን አረፋ ትንሽ ወስዶ ማይክሮስኮፕ ስር ይየው፣ ስፖሩ አረፋ ውስጥ ነው የሚሰበሰበው፣ ሲያዩት በጣም ያምራል።

ዋናው ነገር ግን ይሄ ነው፣ ፈንገሱ ክሩን ቅጠሉ ውስጥ ሰዶ በኢንዛይም ቅጠሉን የሚያጠነክረውን ሴሉሎስ ይፈታዋል፣ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ደግሞ ከቅጠሉ ብቻ ሳይሆን ከውሃውም ይስባል። ስለዚህ ፈንገስ የያዘው ቅጠል ከዛፉ ሲረግፍ ከነበረው የተሻለ ምግብ ይሆናል። ቅጠል በሊታ የነፍሳት እጮች ፈንገስ ያልነካውን ትተው እሱን ይመርጣሉ፣ እጮቹን ዓሣ ይበላል። ቅጠሉን ከጅረት ካወጣችሁት ይሄ ሁሉ ይቋረጣል።

የአሞራ_ገደል_ልጅ፦
እኛ አንዳንዴ ዓሣው ላይ ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር እናያለን እሱም ፈንገስ ነው ይሉናል፣ ታዲያ እንዴት ነው የሚጠቅመው?

ታቦር_ስር፦
ወንድሜ እሱ ብዙ ጊዜ ሳፕሮሌግኒያ የሚባለው ነው፣ ፈንገስ ይመስላል እንጂ በዘር ለቡናማ አልጌ (ውሃ ውስጥ የሚያድግ ተክል መሰል ነገር) ነው የሚቀርበው። አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘውም የቆሰለ ወይም የተዳከመ ዓሣ ነው። ከቅጠሉ ፈንገስ ጋር አታገናኘው።

መምህርቷ፦
ታቦር ያልከው ለጅረት ትክክል ነው፣ ሐይቁ ግን ሌላ ነው ልጆቼ። የሐዋሳ ሐይቅ በመሬት ላይ የሚወጣ ወንዝ የለውም፣ ከፍሳሽ ጋር የገባው ፎስፈረስ እዛው ይዞራል። ፈንገስ ለጊዜው ይይዘዋል፣ ሲሞት ወይም ሲበላ መልሶ ይለቀዋል፣ ከሐይቁ አያወጣውም። ስለዚህ ፈንገስ አለ ብሎ የከተማ ፍሳሽ መልቀቅ አይቻልም፣ ይሄን ሁሉም ቢያውቀው ደስ ይለኛል።

ሐይቅ ውስጥ ሌላ አስደናቂ ሥራ የሚሠሩ ካይትሪድ የሚባሉ ጥቃቅን ፈንገሶችም አሉ። ውሃ ላይ የሚንሳፈፉ በዓይን የማይታዩ እንስሳት ትልልቁን አልጌ መዋጥ አይችሉም፣ ካይትሪድ ግን አልጌው ላይ ተጣብቆ ውስጡን ይመገብና የሚዋኙ ስፖሮቹን ይለቃል፣ እነሱ ትንንሽና ስብ ያላቸው ስለሆኑ እንስሳቱ ይበሏቸዋል። ባክኖ ሊዘቅጥ የነበረ ምግብ በዚህ በኩል ወደ ዓሣው ይደርሳል።

ስለ ሽታው፣ ፈንገሶቹ አብዛኞቹ ኦክስጅን ይፈልጋሉ። ቅጠል ከፍሳሽና ከፕላስቲክ ጋር ጥግ ላይ ተቆልሎ ኦክስጅኑ ሲያልቅ ያለ ኦክስጅን የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ይረከባሉ፣ የሚሸተው ያኔ ነው። እኔ የምላችሁ ጥቁር ውሃና ጅረቶቹ ላይ ተበታትኖ ያለውን አትንኩ፣ ሐይቅ ዳር ተቆልሎ የሚሸተውን አውጡ፣ ስታወጡም ዳር ላይ ሳይሆን ራቅ አድርጋችሁ ኮምፖስት አድርጉት፣ አለዚያ ዝናብ መልሶ ያስገባዋል። ጅረት ዳር የምትተክሉ ከሆነ ደግሞ ባህር ዛፍ ይቅር፣ ቅጠሉ ዘይትና ታኒን የሚባል የሚያጣብቅ መራራ ነገር ስላለው ፈንገሱ ቶሎ አይይዘውም፣ ሾላ ይሻላል።

ፊላ_ዳር፦
ቲቸር እግዜር ይስጥልን፣ በጣም ነው የገባኝ። ደርቆ የቆመውን ፊላስ እንቁረጠው?

መምህርቷ፦
ተዉት። ቆሞ እያለም ፈንገስ ጀምሮታል፣ ሥሩ ደግሞ ለዓሣ ጫጩት መደበቂያ ነው።