የሪሞት ዴስክቶፕ የሙከራ እትም አማርኛ ሲጻፍበት ፊደል ይደግማል

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ባለ አንድ የትራንዚት ቢሮ እሠራለሁ። የዲክላራሲዮን (የጉምሩክ ማስታወቂያ) ፋይሎቻችን የሚቀመጡት አዲስ አበባ ባለው ሰርቨር ላይ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ የምንሠራው በሪሞት ዴስክቶፕ፣ ማለትም ሩቅ ያለውን ኮምፒዩተር በኔትወርክ እያዘዝን ነው። ሰሞኑን የምንጠቀምበት ክላየንት (እኛ ጋ ተጭኖ ከሰርቨሩ የሚያገናኘን ፕሮግራም) ገና በይፋ ያልተለቀቀ የሙከራ እትም ስለወጣለት በአንድ ላፕቶፕ ላይ ጫንሁት። ኔትወርክ ተቋርጦ ሲመለስ ከቀድሞው ፈጥኖ ይያያዛል፤ ለእኛ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ነገር ግን «ሰላም» ብዬ ስጽፍ «ስሰልላም» ይወጣል። ጥፋቱ የአጫጫኔ ነው ወይስ የፕሮግራሙ? በቀሩት ኮምፒዩተሮች ላይስ ልጫነው?

መልስ 1፣ ከሐረር፦
እባክዎ በቀሩት ላይ አይጫኑት፤ በዚያው ላፕቶፕም የድሮውን እትም አያጥፉት፣ ማነጻጸሪያዎ እሱ ነውና። የጻፉት ምሳሌ ራሱ ብዙ ይናገራል። አማርኛ ስንጽፍ መጀመሪያ «ስ» ይወጣል፣ ቀጥሎ አናባቢውን ስንነካ የኪቦርዱ ፕሮግራም «ስ»ን አጥፍቶ በቦታው «ሰ»ን ይተካል። እርስዎ ዘንድ አዲሱ ፊደል ሰርቨሩ ጋ ሲደርስ የማጥፊያው ትእዛዝ መንገድ ላይ የቀረ ይመስላል። በአርዲፒ (ሪሞት ዴስክቶፕ በሚሠራበት የግንኙነት ደንብ) ክላየንቱ ወደ ሰርቨሩ የሚልከው ወይ የተነካውን ቁልፍ ኮድ ነው፣ ወይም የተዘጋጀውን ፊደል በዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል በተሰጠ ቁጥር)። ስለዚህ የላፕቶፑን ኪቦርድ እንግሊዝኛ አድርገው አማርኛውን ሰርቨሩ ላይ ብቻ ይክፈቱ። በዚህ አኳኋን ጽሑፉ ከተስተካከለ ችግሩ ያለው ክላየንቱ ዩኒኮድ በሚልክበት መንገድ ላይ ነው ማለት ነው።

መልስ 2፦
በዚህ እስማማለሁ፤ ሆኖም ፍጥነቱን ቶሎ አያመስግኑት። ቲሲፒና ዩዲፒ ዳታ በኔትወርክ የሚላክባቸው ሁለት ዘዴዎች ናቸው፤ አርዲፒ እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው 8.0 እትሙ ጀምሮ ከቲሲፒ ጎን ዩዲፒንም ይጠቀማል፤ ዩዲፒ ሲዘጋበት በቲሲፒ ብቻ ይቀጥላል። ሁለቱ እትሞች የሚነጻጸሩት በአንድ ዓይነት መንገድ ሲሄዱ ብቻ ነውና፣ በላፕቶፑ ፋየርዎል (የኔትወርክ መከላከያ) ሪሞት ዴስክቶፕ የሚጠቀምበትን የዩዲፒ ፖርት 3389ን ለጊዜው ዘግተው ሁለቱንም በየተራ ይሞክሩ። ሺፍት ተጭነው ሳሉም ኬብሉን ነቅለው ይመልሱ፤ ቁልፉ እንደተጫነ የሚቀር ከሆነ የፋይል ስም ሊያበላሽባችሁ ይችላል። ለአዘጋጆቹ ሲጽፉ የእትሙን ሙሉ ቁጥር፣ የሁለቱን ኮምፒዩተሮች ዊንዶውስ፣ የኪቦርዱን ዓይነትና የነኳቸውን ቁልፎች በቅደም ተከተል ያስፍሩ። ሎጉን (የፕሮግራሙን የሥራ መዝገብ) ሲያያይዙ የሰርቨሩን አድራሻና የተጠቃሚውን ስም ያጥፉ፤ የደንበኛ ዲክላራሲዮን የሚታይበት ፎቶ ግን ፈጽሞ አይላኩ።

ከጠያቂው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አማርኛውን ሰርቨሩ ላይ ስከፍተው «ሰላም» በትክክል ወጣ። በድሮው እትም ደግሞ የላፕቶፑን ኪቦርድ ይዤም ስህተት አላየሁም፤ ስለዚህ ጉድለቱ ከአዲሱ እትም ጋር የመጣ ነው። ዩዲፒውን ስዘጋ የፍጥነቱ ልዩነት ከሞላ ጎደል ጠፋ። የነካኋቸውን አምስት ቁልፎች በተራ ጽፌ ለአዘጋጆቹ ልኬያለሁ። የሺፍቱን ሙከራ ነገ ጠዋት፣ ሥራ ሳይበዛ እሠራዋለሁ።