ፋይል ያለው ኢሜይል ከቢሮ አልወጣ አለኝ
ሰላም፣ ስድስት ኮምፒውተር ያለን ትንሽ የሂሳብ ቢሮ ነን፤ ሁሉም በአንድ ሮውተር ይሠራሉ። ባለፈው ሳምንት ሮውተሩን ከቀየርን ወዲህ ኢሜይል ይገባል፣ አጭር ጽሑፍም ይላካል፤ ፒዲኤፍ ሲያያዝበት ግን አውትሉክ እንደተንጠለጠለ ይቀራል። 300 ኪሎባይት እንኳን አልሄድ አለ። በስልኬ ሆትስፖት ግን ወዲያው ስለሚሄድ የይለፍ ቃሉም ሆነ ፖርት 587 (ኢሜይል የሚላክበት በር) ችግር ያለባቸው አይመስለኝም። አንቲቫይረሱንም አጥፍቼ አየሁ፤ ያው ነው።

ፓኬቱ (ዳታው ተከፋፍሎ የሚላክበት ቁራጭ) እንዳይቆራረጥ አድርጌ ፒንግ (የመስመር መሞከሪያ ትእዛዝ) ሳደርግ 1464 ባይት ያልፋል (ከ28 ባይት ራስጌው ጋር 1492 መሆኑ ነው)፣ 1472 አያልፍም። መስመሩ ፒፒፒኦኢ (ሮውተሩ በተጠቃሚ ስምና በይለፍ ቃል የሚገናኝበት ዓይነት) ነው፤ ሮውተሩ ላይ ግን ኤምቲዩ (አንድ ፓኬት ሊኖረው የሚችለው ትልቁ መጠን) 1500 ተብሎ ተሞልቷል (የገጠመልን ልጅ «እንዳትነኩት» ብሎ ነው የሄደው)። ሮውተሩ ላይ ብቻ ወደ 1492 ባወርደው ይበቃል ወይስ በየኮምፒውተሩም መቀየር አለብኝ?