አስቸኳይ፦ ደንገል ውስጥ የቆፈርኩት አፈር ካርታው ላይ ሐይቅ ውስጥ ገባብኝ

የማራኪዋ፦
ሰላም ቤተሰብ። ቶሎ የሚመልስልኝ ካለ እባካችሁ። ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ውጤቴን ለቡድናችን አቀርባለሁ። የድኅረ ዶክትሬት ሥራዬ በጣና ሰሜን ዳርቻ ያለው ረግረግ ስንት ካርቦን እንደያዘ ከሳተላይት ምስል መገመት ነው። የመገጭ ወንዝ ወደ ሐይቁ ከሚገባበት እስከ ጎርጎራ 42 ቦታ ላይ አፈር አውጥተናል። ዛሬ ነጥቦቹን ኪውጂአይኤስ በሚባለው የካርታ ፕሮግራም ላይ ከሴንቲኔል 2 ሳተላይት ምስል ጋር ስከፍታቸው ግማሾቹ ውኃ ላይ ናቸው። እኔ እኮ እዚያ ቦታ ደንገል ይዤ፣ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ውስጥ ነው የቆምኩት! ምስሉ ነው የተሳሳተው?

አዘዞ፦
ፕሮግራሙን ዘግተሽ ክፈቺው። እኔም ባለፈው እንዲሁ ሆኖብኝ ዘግቼ ስከፍተው ተስተካከለ።

የፒያሳ ልጅ፦
ጥምቀት ደረሰ እኮ፣ ነጥቦቹም ወደ ውኃ ወርደው ይሆናል። አይዞሽ እህቴ፣ እስከ ነገ መላ ይገኛል።

መምህር፦
ከቦታው በፊት አንድ ነገር ላንሳ። ሳተላይቱ የሚያየው ቅጠሉን ነው። የረግረግ ካርቦን ግን አብዛኛው አፈሩ ውስጥ ነው ያለው። ውኃ ሲተኛበት አየር አይገባም። አየር ካልገባ ሥሩና ቅጠሉ ቶሎ አይበሰብስም፣ ከዓመት ዓመት ይደራረባል። ስለዚህ ምስሉ የሚነግርሽ ደንገሉ የት እንዳለና ውኃው ስንት ወር እንደሚተኛ ነው። ካርቦኑን የሚነግርሽ ያወጣሽው አፈር ነው። እሱም ቢሆን የካርቦኑ መቶኛ ብቻውን አይበቃም። ለምሳሌ 1 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ደረቅ አፈር 0.6 ግራም ቢመዝን፣ ካርቦኑ 8 በመቶ ቢሆን፣ ጥልቀቱም 30 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ሦስቱን ስታባዢ በሄክታር 144 ቶን ይመጣል። ክብደቱን ለክታችኋል?

የማራኪዋ፦
ለክተናል መምህር፣ አመሰግናለሁ። አሁን የቸገረኝ ግን ቦታው ነው።

ጎርጎሬው፦
ምስሉም ነጥቡም ልክ ቢሆንስ? ጣና ከክረምት በኋላ ይሞላል፣ ግንቦት ላይ ይሸሻል። ልዩነቱ ከ1 ሜትር ይበልጣል። ዳርቻው ሜዳ ስለሆነ ይቺ 1 ሜትር ብዙ መሬት ትሸፍናለች። ግንቦት ቆፍረሽ የመስከረም ምስል ከከፈትሽ ምን ይገርማል? ደግሞ አረንጓዴውን ሁሉ ደንገል ነው ብለሽ እንዳትወስጂ። እንቦጭም ከላይ ሲያዩት አረንጓዴ ነው። በሁለት ሳምንት የሚራራቁ ምስሎች አስተያዪ። ደንገል ሥር ስላለው ባለበት ይገኛል። እንቦጭን ግን ንፋስ ይነዳዋል። ማታ እኛ ወደብ ላይ የነበረው ጠዋት ሌላ ቦታ ነው።

የማራኪዋ፦
የቆፈርነው ኅዳር ነው፣ ምስሉም የኅዳር ነው። የእንቦጩን ነገር ይዤዋለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

አዘዞ፦
ዘግተሽ ከፈትሽው?

ቆላ ድባ፦
ደንገል ላይ ያረፉትን ያዢ፣ ሌሎቹን ተያቸው። 20 ነጥብ ለነገ ይበቃል።

ካርታ ሰሪው፦
ኧረ እንዳታደርጊው! መጀመሪያ አንድ ጥያቄ። ነጥቦቹን ከጂፒኤሱ በኬብል ነው ያወረድሽው ወይስ ከስክሪኑ እያየሽ ጻፍሽ?

የማራኪዋ፦
ደብተር ላይ ነው የጻፍነው። እጄ ጭቃ ስለነበር እኔ አነባለሁ፣ ሾፌራችን ይጽፋል። ጂፒኤሱ የተዋስነው ነው።

ካርታ ሰሪው፦
ሳይሆን አይቀርም፣ አገኘነው። የአገራችን የድሮ 1 ለ50,000 ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው መነሻ ነው፤ መነሻ ማለት የቦታ ቁጥሮች የሚለኩበት መሠረት ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው ጂፒኤሱ ከወረቀት ካርታው ጋር እንዲገጥምለት አዲንዳን ላይ ያደርገዋል። የሴንቲኔል ምስል ደግሞ ደብሊውጂኤስ 84 በሚባለው በሌላ መነሻ ነው። የአንዱን ቁጥር በሌላው ስታነቢው፣ በእኛ አካባቢ ነጥቡ 200 ሜትር ገደማ ወደ ደቡብ፣ 90 ሜትር ገደማ ወደ ምዕራብ ይሄዳል። አንቺ ካለሽበት ዳርቻ በስተደቡብ ያለው ሐይቁ ነው። ደንገሉ ሐይቅ የገባው ለዚህ ነው።

ልክ የመሰሉሽም ልክ አይደሉም። አሁን ደንገል ላይ የሚታዩት ከሰሜን፣ ከግጦሹ መሬት የወረዱ ናቸው። እነሱን ይዘሽ ብትቀጥዪ የግጦሹን አፈር ካርቦን ለደንገሉ ትሰጪዋለሽ። የምስሉ አንድ ነጥብ (ፒክሰል) 10 ሜትር ነው፤ 200 ሜትር እኮ 20 ፒክሰል ነው።

እንዲህ አድርጊ። የነጥቦቹ ሌየር ላይ ቀኝ ክሊክ፣ ከዚያ ሲአርኤሱን (ቁጥሮቹ በየትኛው መነሻ እንደሆኑ የሚናገረውን ኮድ) 20137 በዪው። ይህ አዲንዳን ዞን 37 ሰሜን ነው። ቀጥሎ ኤክስፖርት ስታደርጊ 32637 ምረጪ፤ ይህ ደብሊውጂኤስ 84 ዞን 37 ሰሜን ነው። ቅደም ተከተሉ እንዳይዛባብሽ፤ መጀመሪያውኑ 32637 ካልሽው ስሕተቱን ይዞ ይሄዳል። ከዚያ በፊት ግን የጂፒኤሱን ሴቲንግ አረጋግጪ። ወይም ፋሲል ግንብ አጥር ጥግ ቆመሽ አንብቢና ምስሉ ላይ ፈልጊው። ነጥቦቹን ሴቭ አድርጋችኋቸው ከነበረ ደግሞ በኬብል አውርጂያቸው። ከጂፒኤሱ የሚወርደው ጂፒኤክስ ፋይል ሁልጊዜ በደብሊውጂኤስ 84 ነው የሚወጣው።

የማራኪዋ፦
ባለቤቱ ጋ ደወልኩ። ከፍቶ አየልኝ፣ አዲንዳን ይላል!! አስተካከልኩት፣ ውኃ ላይ ከነበሩት አብዛኞቹ ደንገሉ ላይ ተመለሱ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። 17 እና 18 ቁጥር ግን አሁንም ውኃ ላይ ናቸው። መብራት ሄዷል፣ ላፕቶፑ 11 በመቶ ነው የቀረው።

ጎርጎሬው፦
የሾፌሩን ደብተር ደግመሽ እዪው። በችኮላ ሲጻፍ 1 እና 7 ይመሳሰላሉ።

አዘዞ፦
እህቴ፣ እንዴት ሆነ? አቀረብሽ?

ፎገራ፦
እሷ እስክትመለስ እኔም ልጠይቅ። ሸሸርና ወላላ ረግረጎች ላይ ነው የምሠራው። ነጥቦቼ ደህና ናቸው። ክረምት ላይ ግን ደመና የሌለው ምስል አጣሁ።

ካርታ ሰሪው፦
ሴንቲኔል 1 የሚባለውን ሳተላይት ሞክር ወንድሜ። ራዳር ስለሆነ ደመና አያግደውም። ክፍት ውኃ ይጠቁርልሃል፣ ከሥሩ ውኃ የተኛበት ሣር ደግሞ ይደምቃል። ሞገዱ 5.6 ሴንቲ ሜትር ነውና ጥቅጥቅ ያለ ደንገል ካለ ውኃው ድረስ ላይዘልቅ ይችላል። እዚያ ቦታ ላይ በእግርህ ሄደህ እይ።