አቅራቢው «ሐሳቤን ስቤያለሁ» ካለ ጉዳዩ ያበቃል?

የእድር ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቨርጂኒያ ውስጥ ያለ እድር ጸሐፊ ነኝ። መተዳደሪያ ደንባችን ዝም ባለበት በሮበርትስ ሩልስ (የስብሰባ ሥነ ሥርዓት መመሪያ መጽሐፍ ነው) እንሠራለን። እሑድ ዕለት አንድ አባል ወርሃዊው መዋጮ ከ20 ወደ 30 ዶላር ይደግ አሉ፤ ደጋፊ ተገኘ፤ ሰብሳቢውም አንብበው ለውይይት ከፈቱት። ሌላ አባል ተነሥተው «ወርሃዊው ይቅርና ሐዘን በደረሰ ቁጥር 50 ዶላር እናዋጣ» የሚል ምትክ አቀረቡ። ይሄኔ የመጀመሪያው «በቃ፣ የእኔን ስቤያለሁ» አሉ። ሰብሳቢው ወዲያው በምትኩ ላይ እጅ አስወጥተው «ጸድቋል» አሉ። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት «እኔ የፊተኛውን ነው የምደግፈው፣ ማን ጠየቀኝ?» ቢሉም ሰሚ አላገኙም። ቃለ ጉባኤው ላይ ምን ልጻፍ?

ሜሪላንድ፦
የራሱን ሐሳብ ቢስብ ምን ችግር አለው? ደጋፊው ከተስማማ በቂ ይመስለኛል።

የቀድሞ ሰብሳቢ፦
የደጋፊው ፈቃድስ አያስፈልግም። ዋናው ነገር ሰብሳቢው ሐሳቡን አንብበው ለጉባኤው አቅርበዋል ወይ ነው። ከዚያ በፊት አቅራቢው እንደፈለገ ይስበዋል፤ ከዚያ በኋላ ግን ሐሳቡ የጉባኤው ነው። «ይሳብ ሲባል ተቃውሞ አለ?» ተብሎ መጠየቅ ነበረበት። አንድ ሰው ከተቃወመ ያለ ክርክር በአብላጫ ድምፅ ይወሰናል። እኚያ እናት ትክክል ናቸው፤ መደመጥ ነበረባቸው።

ሌላም አለ። ምትክ ማለት ማሻሻያ ነው፤ ዋናው ከተሳበ አብሮት ይወድቃል። እንደ አዲስ ሐሳብ፣ በአዲስ ደጋፊ መቅረብ ነበረበት። ዋናው ባይሳብ ደግሞ መጀመሪያ «ይተካ ወይስ አይተካ» ተብሎ ድምፅ ይሰጣል፤ ቢተካም ገና አልጸደቀም፣ በተተካው ላይ ሌላ ድምፅ ያስፈልጋል። ይህችን ሁለተኛዋን ድምፅ አደራ አትዝለሏት! 50 ዶላሩን ከ30ው የሚመርጥ ሰው ሁለቱንም ላይፈልግ ይችላል።

በቃለ ጉባኤው የተደረገውን ብቻ ጻፍ፤ መደረግ የነበረበትን አትጨምር። የሥነ ሥርዓት ተቃውሞ ያኔውኑ ካልተነሣ ውሳኔው አብዛኛውን ጊዜ ይጸናል። ግን መዋጮው መተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ በቁጥር ተጽፏል? ከተጻፈ በተራ ድምፅ አይለወጥም፤ ውሳኔው ከመነሻው ዋጋ የለውም።

የእድር ጸሐፊ፦
ገልጬ አየሁት፤ 20 ዶላር ተብሎ ተጽፏል። ማሻሻያው የ30 ቀን ማስታወቂያ ይፈልጋል። ዛሬ ማታ ለሰብሳቢው እደውልና ሁለቱንም ሐሳቦች በጽሑፍ አያይዘን ጥሪ እንልካለን። እግዜር ይስጥልኝ።