ባሕረ ሐሳብን በቃል ልሥራ ወይስ በወረቀት?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። ባሕረ ሐሳብ (የቤተ ክርስቲያን የአጽዋማትና የበዓላት ቀን ማውጫ ስሌት) መማር ከጀመርሁ ሦስት ወር ሆኖኛል። በቃል ለማስላት ስሞክር መካከል ላይ ይጠፋብኛል፤ መጥቅዕ ከሚባለው ቁጥር ላይ ስደርስ፣ አስቀድሜ ያወጣሁት ወንበር የሚባለው ቁጥር ስንት እንደ ነበረ እዘነጋለሁ። የ2018 ዓ.ም.ን ጾመ ነነዌ ሳወጣ አንድ ጊዜ ጥር 25፣ ሌላ ጊዜ የካቲት 9 ሆነብኝ። በወረቀት ብሠራው እንደሚቀልልኝ አውቃለሁ፤ ነገር ግን አባቶች በቃላቸው ሲያወጡት እያየሁ ወረቀት አእምሮዬን ያሰንፍብኛል ብዬ እሰጋለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ 1፦
ያለ ስጋት በወረቀት ይሥሩት። ስሌቱ የሚጠፋብዎት ማስላት ስላቃተዎት ሳይሆን፣ አንዱን ቁጥር እያባዙ ሌላውን በልብ መያዝ ስላለብዎት ነው። ለእያንዳንዱ ደረጃ አንድ መስመር ይስጡ፣ ስሙንም ከቁጥሩ ፊት ይጻፉ። ዓመተ ዓለም (ከፍጥረት ጀምሮ የሚቆጠረው ዘመን) 5500 ሲደመር 2018፣ 7518 ይሆናል፤ ለ19 ሲካፈል 13 ይቀራል፤ አንዱ ለዘመን ሲቀነስ ወንበር 12 ነው። ወንበር በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ (በ30 ተካፍሎ ቀሪው ሲያዝ) አበቅቴ 12፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ ደግሞ መጥቅዕ 18 ይወጣል። የሁለቱ ድምር 30 ከሞላ ስሌቱ ትክክል ነው።

መልስ 2፦
ምክሩ መልካም ነው፤ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ግን ሊያሳስት ይችላል። 11 እና 19 ራሳቸው ሲደመሩ 30 ስለሆኑ፣ ወንበሩ ስሕተት ቢሆንም ድምሩ 30 መሙላቱ አይቀርም። የጠያቂው ስሕተትም ከዚህ የመጣ ይመስለኛል፤ አንዱን መቀነስ ረስተው ወንበሩን 13 ቢሉት አበቅቴ 23፣ መጥቅዕ 7 ይሆናል፤ መጥቅዕ ከ14 ሲያንስ ከመስከረም ወደ ጥቅምት ይሻገራል፤ ጥቅምት 7 ዓርብ ስለሚውል ተውሳኩ (ለዕለቱ የተወሰነው ተጨማሪ ቁጥር) 2 ተደምሮ የካቲት 9ን ይሰጣል። ትክክለኛው መስከረም 18 እሑድ ነው፤ ተውሳኩ 7 ሲደመር ጥር 25 ይሆናል። ይህን ስሕተት በልብ ብቻ ማግኘት እጅግ አስቸጋሪ ነው፤ በወረቀት ግን ወንበሩ የተጻፈበትን መስመር ተመልሶ ማየት ይበቃል። እኔ በማግስቱ፣ የመጀመሪያውን ሳላይ፣ በሌላ ወረቀት እንደገና ሠርቼ መስመር በመስመር አስተያያለሁ።

መልስ 3፦
በቅኔ ቤት የተማርሁ ነኝና ስለ አባቶች አንድ ነገር ልጨምር። በቃል የሚሠራ ሰው ያለ መሣሪያ ይሠራል ማለት አይደለም። ጉባኤ ቃና የሚባለው የቅኔ ዓይነት በሁለት ቤት (ስንኝ)፣ ዘአምላኪየ የሚባለው በሦስት ቤት እንደሚያልቅ የሚያውቅ ተማሪ ሌሊቱን ሙሉ ቅኔ ሲቆጥር ሐሳቡ የማይበተንበት፣ የቤቱ ልክ ስለሚይዝለት ነው። የባሕረ ሐሳብ መምህራንም የደረጃዎቹን ስምና ተራ አስቀድመው በቃላቸው አጥንተዋል። እርስዎም መስመሮቹን እስኪለምዷቸው በወረቀት ይጻፉ፤ ከዚያም ወረቀቱን ገልብጠው አንድ ዓመት በቃል ያውጡና መልሰው ከጻፉት ጋር ያመሳክሩ።