የዲራክን ኔጌቲቭ መልስ የሚያስረዳኝ አለ?

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የፊዚክስ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። አንድ ነገር ላይ ከተቸከልኩ ሳምንት ሆነኝ።

ሃይስኩል እያለን የአንድ ቁራሽ መሬት ርዝመት በኳድራቲክ ቀመር ስናሰላ 5 እና -8 ይወጣል። ኔጌቲቭ ርዝመት የለም ብለን አንዱን እንሰርዛለን። ሙሉ ማርክ! የፊዚክስ ሊቁ ዲራክ ግን በ1928 እ.ኤ.አ. የኤሌክትሮንን ቀመር ሲጽፍ ኔጌቲቭ ኢነርጂ ያላቸው መልሶች መጡበት፤ አልሰረዛቸውም። መጀመሪያ ፕሮቶን ይሆናሉ ብሎ ነበር፣ ክብደቱ አልገጠመም። በ1931 አዲስ ቅንጣት መኖር አለበት አለ፤ ክብደቱ የኤሌክትሮን፣ ቻርጁ ግን ፖዘቲቭ። በ1932 አንደርሰን የሚባል ተመራማሪ ከጠፈር የሚመጡ ጨረሮችን ፎቶ ሲያነሳ አገኘው። ዱካው በማግኔት መስክ ውስጥ ከኤሌክትሮን በተቃራኒ አቅጣጫ የታጠፈች ቀጭን መስመር ናት። ፎቶዋን ደጋግሜ አያታለሁ።

ለእያንዳንዱ የታወቀ ቅንጣት ገና ያልታየ ጓደኛ ቅንጣት አለ የሚለው ሱፐርሲሜትሪስ? ሒሳቡ ያምራል ይባላል፤ ሰርን የተባለው የምርምር ማዕከል የቅንጣት ማፋጠኛ ግን እስካሁን ምንም አላገኘለትም።

ታዲያ የቱ መልስ ይሰረዛል፣ የቱ ይታመናል? በምን ይለያል? ክፍል ውስጥ ስጠይቅ "ፈተና ላይ አይመጣም" ተባልኩ። ማትሪክስና ልዩ ሪላቲቪቲ እችላለሁ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ቀስ ብላችሁ አስረዱኝ። ስለ ዲራክ ባሕር (ባዶው ሕዋ ኔጌቲቭ ኢነርጂ ባላቸው ኤሌክትሮኖች የተሞላ ነው ስለሚለው ሐሳብ) አንብቤያለሁ፣ እሱ ጭራሽ አደናገረኝ።