ለአልበሜ የፕሮሞሽን ሰው ልቀጥር ነው፤ ውሉ ላይ ምን ላስገባ?

ሰላም ለሁላችሁ። በራሴ ወጪ የሠራሁት አልበም ማስተሪንጉ (የመጨረሻው የድምፅ ማስተካከያ) አልቋል። ለእንቁጣጣሽ ልለቀው ነው። ስፖቲፋይ በሚባለው የሙዚቃ ማዳመጫ መተግበሪያ ላይ የዘፈን ዝርዝር ለሚመርጡት አዘጋጆች ዘፈን የሚላከው ከመውጣቱ ቢያንስ 7 ቀን ቀድሞ ስለሆነ ጊዜ የለኝም።

ያለፈውን ነጠላ ዜማ በፍላሽ ይዤ ኤፍኤም ጣቢያዎችን ዞርኩ። አንዱ ጋ ፍላሹን የተቀበለኝ ጥበቃው ነው፤ ከዚያ ወዲህ ወሬው የለም። ቲክቶክ ላይ አዝማቹ ትንሽ ተሰማ፤ ዩቲዩብ ላይ ግን ዘፈኑ ፈዞ ቀረ።

አሁን አንድ የፕሮሞሽን ባለሙያ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ቃለ መጠይቅ አመቻችልሃለሁ ብሎኛል። ሙሉ ክፍያውን በቅድሚያ ይፈልጋል። ለክሊፕ ያስቀመጥኩት ብር እዚያው ያልቃል፤ ቢሆንም ለእኔ ዘፈኑ ሰው ጆሮ መድረሱ ይበልጣል። እንዲህ ያለ ሰው ቀጥራችሁ የምታውቁ፣ ብሩን ከመስጠቴ በፊት የትኞቹን ሥራዎች ውል ላይ ላስፈርመው?